የሚመረጠው እግር ነው ወይስ ሰው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሩጫ ነው። «ይህ ከመንፈሳዊ ትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በኮንና በዙሪያዋ ካሉ ወጣቶች ብዙዎቹ በልባቸው ይዘውት የሚያድሩት፥ በጸሎታቸውም የሚያነሡት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ምልመላ ነው። ልጅ በትምህርት ቤት ውድድር ይሮጣል፤ ሰዓት የያዘ ሰው ያየዋል፤ ስሙን በደብተሩ ይጽፋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ ወግ ሁሉ ይለወጣል። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ሲገጥማቸው ቤተ ክርስቲያን ዝም ካለች፥ ምክሩን ከሌላ መስማታቸው አይቀርም። ስለዚህ አብረን እናስብበት።

ስጦታው የማን ነው?

አስቀድመን በአንድ ነገር እንስማማ። መሮጥ ኀጢአት አይደለም፤ በሩጫ እንጀራ መብላትም ነውር የለበትም። ዋድላ ደጋ ነው። ልጆቻችን አየሩ በሳሳበት ከፍታ ተወልደው፥ ቁልቁለት ወርደውና አቀበት ወጥተው ትምህርት ቤት ደርሰው ይመለሳሉ። ሳንባቸውም እግራቸውም የጠነከረው ማንም ሳያሠለጥናቸው ነው። ይህን አካል የሰጣቸው እግዚአብሔር ነው። ጌታችን በወንጌል በምሳሌ እንዳስተማረን፥ የተሰጠውን መክሊት በመሬት የቀበረው አገልጋይ ተወቅሷል። ስለዚህ የሩጫ ጸጋ ያለው ልጅ ቢሮጥ የተሰጠውን ማክበሩ ነው።

መንገዱም የታወቀ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል ውድድር ይኬዳል። በየደረጃው አሠልጣኞች ይመለከታሉ። ዕድል የገጠመው ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም ወደ ክለብ ይገባል፤ እንደ መቻል፥ እንደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፥ እንደ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ያሉ ክለቦች ለአትሌቶቻቸው ደመወዝ ይከፍላሉ። ዝናብን ብቻ ተስፋ አድርጎ ለሚኖር የገበሬ ቤት የወር ደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያሻም። እናት ስለ ልጇ እግር ስለት ብትሳል የሚደነቅ አይደለም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። መልማይ የሚያየው ሰዓቱን፥ የእግሩን አጣጣልና ትንፋሹን ነው፤ ሥራው ነውና አንወቅሰውም። ነገር ግን ልጁ ራሱን በመልማዩ ዓይን ማየት ሲጀምር፥ አባትና እናትም ልጃቸውን በዚያው ዓይን ሲመዝኑት፥ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው ወደ ሁለት እግር ይቀንሳል። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙሩ እግዚአብሔር በፈረስ ብርታትና በሰው እግር ጉልበት እንደማይደሰት፥ ደስታው በሚፈሩትና ምሕረቱን ተስፋ በሚያደርጉት እንደሆነ ነግሮናል። ይህ ቃል ለሯጭ ስድብ መስሎ ሊሰማ ይችላል። ሲያስቡት ግን ታላቅ መጽናኛ ነው፤ እግርህ ቢፈጥንም ቢዝልም በአምላክህ ዘንድ ያለህ ዋጋ አይለዋወጥም ማለት ነውና።

በባሕር ማዶ ያለው ምልመላ

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ «ፉትቦል» ብለው የሚጠሩት፥ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ኳሱን ታቅፎ በተጋጣሚዎቹ መካከል ሰንጥቆ የሚሮጠውን ተጫዋች «ራኒንግ ባክ» ይሉታል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚህ ቦታ የገነነ ልጅ ካለ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች ቪዲዮውን ይመለከታሉ፤ ወደ ቤቱ ይመጣሉ፤ ከወላጆቹ ጋር በማዕድ ይቀመጣሉ፤ የትምህርትና የመኖሪያ ወጪውን የሚሸፍን ዕድል ያቀርቡለታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ስሙ በጋዜጣ ይወጣል፤ የከተማው ሰው ሁሉ የት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል። ሆኖም በዩኒቨርሲቲ ከሚጫወቱት መካከል ወደ ታላቁ ሊግ የሚያልፉት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ያ ጨዋታም አካልን የሚሰብር ነው፤ አንድ የጉልበት ጉዳት የብዙ ዓመት ተስፋን በአንድ ቀን ይዘጋል።

ይሁን እንጂ ከእነርሱ ልንማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። እዚያ ልጁን የሚመለምለው ዩኒቨርሲቲ ነው። እግሩ ቢከዳው እንኳ ቢያንስ መጽሐፍ ያገኛል። ለዚህ ቅርብ ምስክር የሚሆነን ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሩጫ ታወቀ፤ ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። እዚያም ባዮኬሚስትሪ እያጠና ሮጠ፤ በ2011 ዓ.ም. በ1500 ሜትር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ተመርጦ ሄደ፤ ነገር ግን ጡንቻው ተጎድቶ ማጣሪያውን እንኳ ሳይሮጥ ቀረ። ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ በ3 ደቂቃ ከ27.80 ሰከንድ ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳሊያ አጠለቀ፤ ከብሩ የለየችው የሰከንድ መቶኛ እጅ ብቻ ነበረች።

ስሙን ልብ በሉ፤ ያሬድ ነው። የማሕሌታችን አባት ቅዱስ ያሬድ በትምህርት ደክሞና ተስፋ ቆርጦ በሸሸ ጊዜ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከዛፉ የወጣችውን ትል አይቶ ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን እንደተመለሰ ሁላችሁም ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። በቶኪዮ የወደቀው ወጣት በፓሪስ ሲነሣ ሳይ እኔ ያሰብሁት ያችን ትል ነው። ልዩነቱን ግን አንርሳ፤ በቶኪዮ ቢወድቅም ዕውቀቱ በእጁ ነበረች። ከእኛ መንደር የተወሰደው ልጅ ሲወድቅ በእጁ ምን አለ? ከዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ የሄደ ልጅ በሃያ ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ቢመለስ፥ እርሻውም ትምህርቱም ጥለውት ሄደዋል።

በአገራችንም ሩጫና መጽሐፍ አብረው የሄዱበት ምሳሌ አለን። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ትምህርት ቤት ሲመላለስ መጻሕፍቱን በብብቱ ይዞ እየሮጠ ነበር፤ በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅም ግራ ክንዱ መጽሐፍ እንደታቀፈ ሰው ታጥፎ መሮጡን ዓለም አይቷል። ደራርቱ ቱሉን፥ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂም እንዲሁ ናት። በዚያ ልጆችን ለይተው ያወጡት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራቸውን የጀመሩት በስፖርት መምህርነት ነው። መምህር ልጁን ዘወትር ያየዋል፤ ሲታመምም፥ ሲያዝንም፥ ጫማ ሲያጣም ያውቃል። ለአንድ ቀን ውድድር የመጣ መልማይ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

የዋድላ ልጆች ሌላ ምርጫም እናውቃለን

በቤተ ክርስቲያናችን የቅኔ ቤት ሲነሣ ጎንጅ፥ ዋሸራና ዋድላ ይጠራሉ። የምንኖርበት ምድር ስሙ በሊቃውንት ዘንድ የከበረው በዚህ ነው። ወደ ቅኔ ቤት የሚመጣውን ተማሪ ግን ማንም አልመለመለውም። ለምዱን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መምህሩን ፍለጋ ብዙ ቀን የሚጓዘው እርሱ ራሱ ነው። መምህሩም ሲቀበሉት ሰዓት አይለኩበትም። ዓመታት አብሮ ሲኖር፥ ቅኔው ሲበላሽበትና ሲነቀፍ፥ ዳግመኛም ሲቆጥር ያዩታል። በዚህ ሁሉ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይታወቃል።

ይህን ያነሣሁት ሯጩን ቆሎ ተማሪ ለማድረግ አይደለም። አባቶቻችን ሰውን የሚለኩበት ሌላ ሚዛን እንደነበራቸው፥ ያም ሚዛን እዚሁ በደጃችን እንዳለ ለማስታወስ ነው። መልማይ ከሩቅ መጥቶ ያላየውን ልጅ ይህች ምድር አላየችውም ማለት አይደለም።

የጥምቀት መዝገብ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ በአጥቢያችን ጽሕፈት ቤት መዝገብ በመጻፍ አግዛለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ፈልጎ መጣ። ትጉ ሯጭ ነው፤ ማለዳ ኪዳን ሳይደርስ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ሮጦ ሲመለስ ሁላችንም እናየዋለን። ከመዝገቡ ስሙን አወጣሁ። እርሱ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ዲያቆን፥ ዓመቷን ሦስት ብታሳንስልኝ» አለኝ። አሠልጣኝ ነኝ ያለ ሰው «ዕድሜህ ለታዳጊዎች ምልመላ አልፏል፤ ወረቀት ካመጣህ ግን እወስድሃለሁ» ብሎት ነበር።

ልጁ ክፉ አይደለም። እንዲህም አለኝ፦ «ጦርነቱ የወሰደብኝን ዓመታት ነው የምመልሰው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ስቀመጥ ያለፈብኝን። ይህ ስርቆት ነው?» እውነቱን ልንገራችሁ፥ ለዚህ ቃል የሚሆን መልስ ፈጥኖ አልመጣልኝም። ትምህርት ሲቋረጥ ውድድሩም እንደተቋረጠ፥ የታዳጊነት ዘመናቸው ማንም ሳያያቸው ያለፈባቸው ብዙዎች እንደሆኑ እኔም አውቃለሁ። አጠገባችን የነበሩት ቄሰ ገበዝ ናቸው የመለሱለት። «ልጄ፥ ዓመቱን የወሰደብህ ሌላ ነው። አንተ ደግሞ በገዛ እጅህ ስምህን ልትጨምርለት ነው?» አሉት።

ይህን ቃል ብዙ አሰብሁበት። ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቀው የሥላሴ ልጅነትን ያገኛሉ። የመዝገቡ ቀን ልጁ የእግዚአብሔር ልጅ የተባለባት ቀን ናት። ያችን ቀን መለወጥ ልጅነቱን ካገኘባት ዕለት ነቅሎ በሐሰት ዕለት ላይ መትከል ነው፤ ይህንም የሚያደርገው የቤተ ክርስቲያን ማኅተም ይሆናል። ደግሞም ነገሩ በአንድ ወረቀት አያበቃም። ዕድሜውን ያሳነሰ ልጅ ከዚያ በኋላ በተጠየቀ ቁጥር ይዋሻል፤ ለክለቡ፥ ለፓስፖርቱ፥ ለጓደኛው፥ በመጨረሻም ለሚስቱ። ከእርሱ ጋር የሚሮጠው እውነተኛው የአሥራ ስድስት ዓመት ታዳጊ ደግሞ ስፍራውን ይነጠቃል። ያም ልጅ የሌላ ድሃ እናት ልጅ ነው።

ልጁ ወረቀቱን በእውነተኛ ዕድሜው ይዞ ሄደ። ለአዋቂዎች በተዘጋጀ ማጣሪያ ሮጠ፤ አልተመረጠም። ዕድሜውን ያሳነሰ ሌላ ልጅ ግን በዚያው ሰሞን ተወስዷል። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እውነት ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለና። ዋጋ የማያስከፍል እውነት ብቻ የምናስተምር ከሆነ ሰማዕታትን ለምን እናከብራለን? ወንድማችን ሁለት ሳምንት ያህል ከጉባኤ ቀረ፤ አዝኖ ነበር። በኋላ ተመለሰ። አሁን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን እየተጠባበቀ ነው፤ ማለዳም ይሮጣል። በሚቀጥለው ዓመት ይመረጥ አይመረጥ ልነግራችሁ አልችልም። ስሙ ግን አሁንም የራሱ ነው።

ጾምና ሰንበት

ሁለተኛው ጥያቄ የጾም ነው። «ክለብ ከገባሁ መጾም እችላለሁን? ውድድሩ እሑድ ከሆነስ?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በዚህ ለሁሉም አንድ ሕግ ልጽፍላችሁ አልደፍርም፤ ድንበሩን የሚያውቅ የንስሐ አባታችሁ ነው። ከምልመላ በፊት ለእርሱ ንገሩ፤ ከተመለመላችሁ በኋላም ስልክ እየደወላችሁ አማክሩ። አንድ ምስክር ግን አለን። በለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች 5000 ሜትር ፍጻሜ የተካሄደው ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ነበር፤ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ማለት ነው። መሠረት ደፋር አንደኛ ሆና መስመሩን ካለፈች በኋላ ከደረቷ የእመቤታችንን ሥዕል አውጥታ በዓለም ሕዝብ ፊት ከፍ አደረገች፤ ፊቷንም በሥዕሉ ሸፍና አለቀሰች።

ያንን ሥዕል ስትሮጥ በደረቷ ይዛው ነበር። ብታሸንፍም ባታሸንፍም ከእርሷ ጋር ነበረ። በስምንት ዓመት ውስጥ ሁለተኛዋ የሆነው ይህ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኛት ከደረቷ ሥዕል ጋር ነው። እናንተም ስትሄዱ በደረታችሁ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ካምፕ ከገባችሁ በኋላ ልወስን ብትሉ ይከብዳል።

እግር ሲዝል

ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ የለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት ብቻ አልፈውት ሳለ፥ ዳግመኛ አሸነፈ። እነዚያን እግሮች ዓለም ሁሉ አየ፤ አደነቀ። በ1961 ዓ.ም. ግን በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዓለም የመረጠው እግር ሄደ።

ሰውዬው ግን አልሄደም። በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ አገር ሁሉ አለቀሰለት። አበበ እግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በመኪናው አደጋ ባበቃ ነበር። ከእግሩ በታች ሌላ ነገር ነበረው፤ ትዕግሥቱና ትሕትናው በወንበሩም ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። ወጣት ሯጭ ሆይ፥ እግርህ ሲሠለጥን ይህም አብሮ ካልሠለጠነ ግማሽ ሥልጠና ነው የወሰድኸው።

አኪማአስና የኩሽ ሰው

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ሁለት ሯጮች ይነግረናል፤ ታሪኩ በሁለተኛ ሳሙኤል በ18ኛው ምዕራፍ ይገኛል። አቤሴሎም በጦርነት ከሞተ በኋላ ወሬውን ለንጉሥ ዳዊት የሚያደርስ ሰው አስፈለገ። የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ «እኔ ልሩጥ» አለ። የጦር አለቃው ኢዮአብ ከለከለውና ከኩሽ ወገን የሆነውን ሰው ያየውን ሁሉ ለንጉሡ እንዲነግር ላከው። አኪማአስ ግን «የሆነው ይሁን» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። በሜዳው መንገድ ሮጦ ቀድሞ የተላከውን የኩሽ ሰው አለፈው፤ ቀድሞም ደረሰ።

ንጉሡ ግን ስለ ልጁ በጠየቀው ጊዜ አኪማአስ የሚናገረው አጣ። ትልቅ ሁከት ማየቱን፥ ምን እንደሆነ ግን አለማወቁን ተናገረ። ንጉሡም ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ብሎ እንዲቆም አዘዘው። ከዚያ በኋላ የደረሰው የኩሽ ሰው መልእክቱን ተናገረ።

ሩጫውን ያሸነፈው አኪማአስ ነው። የተላከበትን ያደረሰው ግን ሁለተኛ የወጣው፥ የእኛው ወገን የሆነው ሰው ነው። በዚህ ዘመን እግራቸው ሁሉን የሚቀድም፥ ሲደርሱ ግን የሚናገሩት የሌላቸው ወጣቶች ሲበዙ ሳይ አኪማአስ ይታሰበኛል። ማይክሮፎኑ ሲዘረጋላቸው፥ ገንዘቡ በእጃቸው ሲገባ፥ ሰው ሁሉ ዓይኑን ሲጥልባቸው ምን ይናገራሉ? ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ክርስትናን በሩጫ የመሰለው፥ ሯጩም ራሱን በነገር ሁሉ እንዲገዛ ያሳሰበው ያለ ምክንያት አይደለም። ሯጭ ሮጦ ይደርሳል፤ ጥያቄው ምን ይዞ ይደርሳል ነው።

ላልተመረጡትና ለወላጆች

እንግዲህ ምን እናድርግ? ለምትመለመሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ፦ ደስ ይበላችሁ፤ ሂዱ። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት አራት ነገር በግልጽ ጠይቁ። የምሄድበት የት ነው? ማንስ ነው የሚወስደኝ? ትምህርቴን የት እቀጥላለሁ? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን በሉ። ክለቡ ወይም ማዕከሉ እውነተኛ መሆኑን በወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣሩ። ገንዘብ ክፈሉና ልመልምላችሁ የሚላችሁን ሽሹ። ዕድሜ ለውጡ የሚላችሁንም ሽሹ፤ ዛሬ በዕድሜያችሁ ያስዋሻችሁ ሰው ነገ በደመወዛችሁ አይዋሽባችሁም ብሎ ማመን አይቻልም።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ ሲያሸንፍ እልል እንደምትሉ፥ ተሸንፎ ሲመጣም እግሩን እጠቡለት። በቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ካሉ የሚሮጠው ብቻ ወተት እንዲጠጣ አታድርጉ። የቤቱን ዕዳ ሁሉ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ አትጫኑ፤ ሳይመረጥ ሲቀር ወደ ቤቱ መመለስ የሚያፍረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሳይመረጡ ቀርተው በከተማ ጎዳና የቀሩ፥ ከመመለስ ይልቅ ወደ ስደት ያቀኑ ስንት እንደሆኑ እግዚአብሔር ያውቃል።

ላልተመረጣችሁ ደግሞ፦ ነቢዩ ሳሙኤል ንጉሥ ሊቀባ ወደ እሴይ ቤት በመጣ ጊዜ ቁመናቸው ያማረ ሰባት ልጆች በፊቱ አለፉ። ስምንተኛውን ከበግ ጥበቃ የጠራው የለም፤ አባቱ እንኳ አላስታወሰውም። ምልመላው በተካሄደበት ሰዓት ዳዊት በሜዳ ነበረ። እግዚአብሔር ግን ሰው የሚያየውን ሳይሆን ልብን እንደሚያይ ለሳሙኤል ነገረው። በሜዳ ላይ ያላችሁ፥ ስማችሁ በማንም ደብተር ያልተጻፈ፥ እናንተን የሚያይ አለ። ያ ማለት ግን «በሚቀጥለው ዓመት ትመረጣላችሁ» ማለት አይደለም፤ ዳዊትም ከተቀባ በኋላ ተመልሶ በግ ጠብቋል። የታየ ሰው እንኳ ተመልሶ ሥራውን ይሠራል።

ለሰንበት ትምህርት ቤታችንም አንድ ነገር ልበል። ተመልምለው የሄዱትን ልጆች ዜና ስንሰማ ብቻ አንጥራቸው። ስማቸውን በጸሎት መጽሐፋችን እንያዝ፤ በሚሄዱበት ከተማ የሚገኝ ሰንበት ትምህርት ቤት እናገናኛቸው። ተመልሰው የመጡትንም የአገልግሎት ስፍራ እንስጣቸው። ለገና ቀናትን በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚደርስ ሕዝብ ልጆች ነን፤ በዚያ መንገድ ቀድሞ የደረሰም ዘግይቶ የደረሰም አንድ ላይ ያስቀድሳል፤ ማንም ሰዓቱን አይጠየቅም።

ወጣቶቻችንን በሄዱበት ሁሉ እንዲጠብቅልን፥ ለሚሮጡትም ለማይሮጡትም ልቡናን እንዲሰጥልን የአምላካችን ቸርነት፥ የወላዲተ አምላክ አማላጅነት፥ የቅዱስ ያሬድና የቅዱስ ላሊበላ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።